በራስ ላይ የሚወጣ ብጉር ሁሉ አንድ አይደለም

በአገራችን የራስ ጠጉር የክብር ምልክት ነው። እናት ሴት ልጅዋን ሹሩባ ትሠራታለች፤ ለጋ ቅቤም ትቀባታለች፤ ወንዱም በዓል ሲደርስ ጠጉሩን ሳይስተካከል አይውልም። የራስ ክብር እንዲህ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በራስ ቆዳ ላይ የሚወጣ ብጉርና ቁስል ከሕመሙ ይልቅ ሐፍረቱ ይከብዳል። ሕመምተኛው ቁስሉን በሻሽ ወይም በባርኔጣ ይሸፍናል። መሸፈን ያልቻለ እንደ ሆነ ምላጭ አንሥቶ ራሱን ይላጫል። ይህም አልሆን ሲለው ጎረቤት የነገረውን ቅባት ሁሉ እየደራረበ ይቀባል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ይመስለናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት አሳብ አንድ ነው። በራስ ቆዳ ላይ ብጉር በወጣ ጊዜ ከምላጭም ከቅባትም በፊት ጥያቄ ሊቀድም ይገባል፤ ይኸውም «ይህ የወጣው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልካቸው የሚመሳሰል፣ መነሻቸው ግን የተለያየ በሽታዎች በአንድ መድኃኒት አይድኑም፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ሌላውን ይጎዳልና። ይህን ባለማወቅ ጠጉራቸውን ለዘለዓለም የሚያጡ፣ ከትምህርት ቤትም የሚቀሩ ልጆች ስላሉ ነገሩን እንደ ትንሽ ነገር ልናልፈው አይገባንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ብጉር እንዴት እንደሚወጣ እንመልከት። በሰው ራስ ላይ በግምት እስከ 100,000 የሚደርስ ጠጉር ይገኛል። እያንዳንዱ ጠጉር በቆዳ ውስጥ እንደ ጠባብ ጉድጓድ ካለች ሥፍራ ይበቅላል፤ በጉድጓዷም ጎን ቅባት የምታመነጭ ትንሽ እጢ አለች። ይህ ቅባት ጠጉርንና ቆዳን ለማለስለስ የተሰጠ ስለ ሆነ ለራሱ ጉዳት የለውም። ዳሩ ግን የጉድጓዷ አፍ በሞተ ቆዳ ወይም በወፍራም ቅባት የተዘጋ እንደ ሆነ፣ ከውስጥ የሚመነጨው ቅባት መውጫ ያጣል፤ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ጀርሞችም በዚያ ይራባሉ። ሰውነት ሊከላከላቸው ሲነሣ ሥፍራው ያብጣል፤ መግልም ይቋጥራል። በጉርምስና ዕድሜ የቅባት እጢዎች ሥራ ስለሚበረታ ብጉሩም በዚያ ጊዜ ይበዛል። እንግዲህ ብጉር የወጣበትን ሰው ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ዘወትር የሚታጠብ ሰውም ይወጣበታልና።

አሁን በራስ ላይ ሲወጡ በስሕተት አንድ የሚመስሉትን በየተራ እንለያቸው።

1ኛ፤ ተራው ብጉር። ይህ በጠጉር ሥር ላይ የሚወጣ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ጫፉ ነጭ መግል የቋጠረ፣ የሚያሳክክ ወይም ሲነኩት የሚያም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዝያ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ብጉሩ በግንባር ዳር በጠጉር መነሻ ላይ የበዛ እንደ ሆነ ወፍራም የጠጉር ቅባት ሊጠረጠር ይገባል። በሹሩባው መስመር ላይ ተደርድሮ የወጣ እንደ ሆነ ግን ሹሩባው እጅግ ጠብቆ መሠራቱን ያመለክታል። ቅቤ መቀባት ፈጽሞ ይቅር አንልም፤ የአያቶቻችን ወግ ነውና። ነገር ግን ብጉር በወጣበት ራስ ላይ ቅቤና ቫዝሊን መደረብ በተዘጋ በር ላይ ሌላ መቀርቀሪያ እንደ መጨመር ስለ ሆነ፣ ቆዳው እስኪድን ድረስ ይቆይ እንላለን።

2ኛ፤ በማጅራት ላይ የሚወጣው። ጠጉሩ ጥቅልል የሆነ ወንድ ማጅራቱን በምላጭ ወይም ከቆዳ ጋር በተጣበቀ ቶንዶስ ባስላጨ ቍጥር፣ የተቆረጠው ጠጉር ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግም ታጥፎ ተመልሶ ወደ ቆዳው ሊገባ ይችላል። ሰውነትም እንደ ገባ እሾህ ይቈጥረዋል። በዚህ ጊዜ ጠጠር የሚመስሉ እብጠቶች በማጅራት ላይ ይወጣሉ። ሰውየው እብጠቱን አጠፋለሁ ብሎ ዳግመኛ ይላጫል፤ መላጨቱም ዳግመኛ ያሳብጠዋል። እንዲህ እየተመላለሰ ሲቆይ እብጠቶቹ ይገጥሙና ጠጉር የማይበቅልበት ጠንካራ የጠባሳ ጕብታ ይሆናሉ። ይህን በጅምሩ የሚያቆመው ርካሽ መድኃኒት ምላጭን ከማጅራት ማራቅ ነው። ጕብታው ከደነደነ በኋላ ግን መርፌ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

3ኛ፤ ቆረቆር። ከሁሉ ይልቅ መምህራን እንዲያውቁት የምንሻው ይህን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ነውና። በራስ ላይ የተቀረፈ ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ በሥፍራው ያለው ጠጉር ይሰባበርና በቆዳው ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ደግሞ ሰውነት ፈንገሱን አጥብቆ ሲዋጋ መግል ያዘሉ ብጉሮች ይወጣሉ፤ ሥፍራውም ሲጫኑት እንደ ረጠበ ጭቃ የሚሰረጕድ ትልቅ እብጠት ይሆናል። ብዙ ወላጆች ይህን ሲያዩ እባጭ ነው ብለው በምላጭ ያስበጡታል። መብጣት ግን አያድነውም፤ ፈንገሱ ያለው በጠጉሩ ውስጥ ነውና። ተገቢው መድኃኒት የዘገየበት እንደ ሆነም ሥፍራው ጠባሳ ይሆናል፤ በጠባሳው ላይ ጠጉር አይበቅልም።

በአገራችን ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትሪኮፊቶን ቫዮላሲየም የሚባለው ፈንገስ ነው። ይህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ በማበጠሪያ፣ በባርኔጣ፣ በሻሽ፣ በትራስና በጠጉር መቁረጫ ይጋባል። በውጭ አገር ስንማር አንዳንድ የራስ ፈንገስ በልዩ መብራት ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ እንደሚያበራ ተምረናል፤ ይህ የእኛ አገር ፈንገስ ግን እንዲህ አያበራም። ስለዚህ በመብራቱ ምንም አልታየም ተብሎ ልጁ ነጻ ነው ሊባል አይገባም፤ የተሰበረውን ጠጉርና ቅርፊቱን በማይክሮስኮፕ ማየት ይሻላል።

4ኛ፤ ከቅማል የሚመጣው ቁስል። ቅማል ያለበት ሰው ራሱን ሲያክክ ቆዳው ይላጣል፤ በተላጠውም ቆዳ ባክቴሪያ ይገባል። ብጉሮቹና ቁስሎቹ በተለይ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ የበዙ እንደ ሆነ፣ ከጠጉሩም ሥር ሲያራግፉት የማይወድቅ ቅጫም የተጣበቀ እንደ ሆነ፣ መነሻው ይህ ነው። ቅማሉ ሳይጠፋ ቁስሉን ብቻ ማከም ከሚፈስ ጣራ በታች ወለል እንደ መወልወል ነው።

ከእነዚህ ሌላ ላሽ የሚባለው አለ። በላሽ ጠጉሩ በክብ ሥፍራ ይረግፋል፤ ቆዳው ግን ለስላሳ ነው፤ ብጉርም ቅርፊትም የለውም። ላሽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ከቆረቆር ጋር አደባልቆ ልጅን ከጓደኞቹ መለየት በደል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንጨምር እንወድዳለን። እኛ በተማርንባቸው መጻሕፍት ውስጥ «ቆዳው ይቀላል» የሚል ቃል በየገጹ ተጽፏል፤ ሥዕሎቹም በብዛት የነጮች ቆዳ ሥዕሎች ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ሥፍራው ይጠቁራል፤ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ስለዚህ በእኛ አገር የሚመረምር ሰው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በእጁም ይመርምር፤ ሙቀቱን፣ እብጠቱንና ሕመሙን ይዳስስ፤ በአንገት ላይ ንፍፊት መኖሩንም ይመልከት።

አሁን ስለ ምላጭ አሳባችንን እንናገር። ራስን መላጨት በብዙ ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። «ጠጉሩ ሲወርድ አየር ያገኛል፤ ቁስሉም ይደርቃል» የሚሉ ሰዎች ጨርሶ ያለ ምክንያት አይናገሩም። ጠጉርን በመቀስ ማሳጠር ቁስሉን ለማየትና ለማጠብ ይረዳል፤ ቅማልንም ለማጥፋት ያቃልላል። ነገር ግን ማሳጠር ሌላ፣ በምላጭ መላጨት ሌላ ነው። ምላጭ ብጉሩን ይቆርጣል፤ መግሉን ከአንድ ጉድጓድ ወደ ሌላው ያዳርሳል፤ ለዓይን የማይታይ ጭረትም ይተዋል። በቆረቆርም ቢሆን የፈንገሱ ሥር ከቆዳ በታች ስለ ሆነ መላጨት ከላይ ያለውን ብቻ ያነሣል። ደግሞም የሴት ልጅን ነገር እናስብ። በሽታው በሚዋጥ መድኃኒት ጠጉርዋ ሳይነካ ሊድን ሲችል፣ ራስዋን ተላጭታ በጓደኞችዋ ፊት እንድትቀመጥ ማድረግ ከትምህርት ቤት እንድትቀር መፍረድ ነው።

የጠጉር አስተካካዮችም ነገር ከዚህ አይለይም። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው ማድረግ ብጉርን ብቻ የሚያጋባ አይደለም፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ እስከ 7 ቀን ሊቆይ እንደሚችል ታውቋል፤ ኤች አይ ቪም በደም በተበከለ ስለት ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ምላጭ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይሁን። ማበጠሪያና መቀስ አስቀድሞ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ከዚያም 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ከውኃ 9 እጅ ጋር ተቀላቅሎ 10 ደቂቃ ይነከርበትና ይለቅለቅ። የቶንዶሱ ጥርስ ጠጉሩ ከተጠረገ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ይወልወል። በአንዳንድ ጠጉር ቤት ሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ ሣጥን ይታያል፤ ሣጥኑ የታጠበውን ዕቃ ለማስቀመጥ ቢጠቅምም ያልታጠበውን አያነጻም። ደንበኛውም «ይህ ምላጭ አዲስ ነውን?» ብሎ መጠየቅን እንደ ነውር አይቍጠረው።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ ይህን እንላለን። ተራው ብጉር ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ በቤት ይታከማል። ራስን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ወይም ሻምፖ መታጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅ የሞቀ ውኃ እየነከሩ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ በቀን ጥቂት ጊዜ በብጉሩ ላይ ማድረግ፤ ወፍራም ቅባት መተው፤ ፎጣና ማበጠሪያ ለየብቻ ማድረግ፤ ብጉሩን በጥፍር አለማፍረጥ ይገባል። ፎረፎር ያለበት ሰው ኬቶኮናዞል ወይም ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበትን ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ያህል በራሱ ላይ አቆይቶ ቢታጠብበት ይጠቅመዋል። ለፊት ብጉር የሚሸጠው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጠጉርንና ጨርቅን እንደሚያነጣ ይታወቅ። ትኵሳት የመጣ፣ እብጠቱ የሰፋ፣ ሕመሙ የበረታ፣ ንፍፊት የወጣ፣ ወይም ጠጉር መርገፍ የጀመረ እንደ ሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም። ለሰውነት ጭርት የሚጠቅመው የዊትፊልድ ቅባት ወደ ጠጉሩ ሥር አይደርስም። ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው ኪኒን ወይም ተርቢናፊን በልጁ ክብደት ተለክቶ ሊታዘዝ ይገባል። ግሪሲዮፉልቪን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ሰውነት አጥብቆ ይቀበለዋል። እነሆ፣ ቅቤ በራስ ላይ ሳይሆን በምግብ ውስጥ ሆኖ ለቆረቆር ይረዳል ማለት ነው። ቅርፊቱ ጠፋ ብሎ በ2ኛው ሳምንት መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታውን መልሶ ይጠራል። የልጁ እኅቶችና ወንድሞችም አብረው ይመርመሩ፤ ምንም ሳይታይባቸው ፈንገሱን የሚይዙ አሉና።

ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እንቃወማለን። አንደኛው ላምባ፣ የተባይ ማጥፊያና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በቆሰለ ራስ ላይ ማድረግ ነው፤ ቆዳን ያቃጥላሉና፤ የተባይ ማጥፊያም በቆዳ ገብቶ ሊመርዝ ይችላል። ሁለተኛው እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ያሉትን ብርቱ ቅባቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝቶ መቀባት ነው። እነዚህ ማሳከኩንና እብጠቱን ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ የፈንገሱን መልክ ይሰውሩታል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ሕመምተኛው «ዳንኩ» ሲል በሽታው ሥር ይሰድዳል።

ከበሽታው ይልቅ ሕክምናው ሊከፋ እንደሚችል ታሪክም ይመሰክራል። ለቆረቆር የሚሆን የሚዋጥ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት፣ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ፣ በብዙ አገር የልጆችን ጠጉር በኤክስሬይ ጨረር ማራገፍ የተለመደ ሕክምና ነበር። በእስራኤል አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ውስጥ 20,000 ያህል ልጆች እንዲህ እንደ ታከሙ ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ በእነዚህ ልጆች ላይ የራስና የእንቅርት እጢ ዕጢዎች ከሌላው ሰው ይልቅ በዝተው ታዩ፤ በ1994 ለተጎዱት ካሣ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ግሪሲዮፉልቪን በ1939 ከሻጋታ ተለይቶ የተገኘ ቢሆንም ለሰው ሕክምና የዋለው በ1958 ነው። እነዚያ ሐኪሞች ልጆቹን ሊጎዱ አላሰቡም፤ ዳሩ ግን ለሕይወት የማያሰጋ በሽታ፣ የሚያሳፍርና የሚተላለፍ ስለ ሆነ ብቻ፣ ዋጋው ያልተመዘነ ሕክምና ተደረገለት። ዛሬም በየቤቱ ምላጭና ላምባ ሲነሣ የሚታየው ይኸው ችኮላ ነው።

እናንተ መምህራን ሆይ፤ በዚህ ነገር ከሐኪም ይልቅ ቀድማችሁ የምታዩ እናንተ ናችሁ። ልጅ ባርኔጣውን በክፍል ውስጥ አላወልቅም ሲል፣ ሴት ልጅ ሻሽዋን አጥብቃ ስታስር፣ ከመቅጣታችሁ በፊት ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁ። ራሱን በጓደኞቹ ፊት አትግለጡ። ወላጁን አስጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ምከሩ። ሕክምና የጀመረ ልጅ ከክፍል መባረር የለበትም፤ ማበጠሪያ፣ ባርኔጣና ሻሽ እንዳይዋዋስ ማድረግ ይበቃል። «ቆረቆራም» የሚለውን ስድብ ከትምህርት ቤታችሁ ግቢ አስወግዱ። የሚሰደብ ልጅ በሽታውን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገውም በሽታ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ስድቡን መከልከል ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የጤና ጥበቃ ሥራም ነው።

እናንተም ወላጆች፣ በልጃችሁ ራስ ላይ ብጉር ባያችሁ ጊዜ በቀን ብርሃን አስቀምጣችሁ ጠጉሩን ከፈል ከፈል እያደረጋችሁ ተመልከቱ። ጠጉሩ ተሰባብሯልን? ቅርፊት አለውን? ቅጫም ይታያልን? ሹሩባው ጠብቋልን? ትናንት ምን ተቀብቷል? የት ተላጭቷል? ይህን ጠይቃችሁ የመጣችሁ እንደ ሆነ ግማሹን የሐኪም ሥራ ሠርታችኋል። ምላጩ በመሳቢያው ይቆይ፤ ልጁ ይመርመር፤ የታዘዘለትም መድኃኒት እስከ መጨረሻው ቀን ይሰጠው።